ነፍጥ በራያ ቆላ፤ ስሙ፣ ጠጋኙና ባለቤቱ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነፍጥ በራያ ቆላ፣ በተለይም በቆቦና በአካባቢው፣ የያዘውን ታሪካዊ ቦታ ከሥነ ቃል ጥናት አንጻር መመርመር ነው። ስለ ነፍጥ ታሪክ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1971 ባሳተሟቸው ጥናቶች የጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን መንገድና በቋንቋው ላይ የተወውን ምልክት አሳይተዋል። አር. ኤ. ኮልክም እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት ነፍጥ በመሳፍንቱ መካከል የነበረውን የኃይል ሚዛን እንዴት እንደ ለወጠ ተንትነዋል። ይሁንና የእነዚህ ጥናቶች ትኩረት በአመዛኙ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ግምጃ ቤት ነው። ነፍጡ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በገበሬው ትከሻ ላይ ከዋለ በኋላስ? ማን ጠገነው? ማን እንዲይዘው ተፈቀደለት፣ ማንስ ተከለከለ? ባለቤቱስ በምን ስም ጠራው?

እነዚህ ጥያቄዎች ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከሰሜን ወሎ ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ሲሰበስቡ ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ጓንዴ የሚሉ ቃላት ያጋጥሟቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ «የጠመንጃ ዓይነት» የሚል ፍች ከግርጌ ተሰጥቷቸው ይታለፋሉ። በዚህ አጭር ፍች ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ይጠፋሉ፤ እነሱም የግጥሙ ዘመን፣ የሠራተኛው እጅና የባለቤቱ ዕዳ ናቸው። ከዚህ በታች ሦስቱም በየተራ ይታያሉ።

1. ስፍራውና የነፍጡ አመጣጥ

ቆቦ በምዕራብ ከላስታ ደጋ ቁልቁል በሚወርደው ተረተርና በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ጎሊናና ሆርማት ከደጋው እየወረዱ ሜዳውን ያጠጡታል። ዋነኛው ሰብል ማሽላ ነው፤ ደጋሌትና ጅጉርቲ የሚባሉት ዘሮች በአካባቢው የታወቁ ናቸው። ከዞብል ማዶ የአፋር በረሃ አለ፤ በሰሜን በኩል አላማጣ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ሲወጡ ኮረምና የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛሉ። ይህ አቀማመጥ የአካባቢውን ታሪክ በብዙ መልኩ ወስኖታል። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ መካከል ይመላለስ የነበረ ብዙ ጦር በዚህ ሜዳ ወይም በአፋፉ ላይ አልፏል። አራሹንና አርብቶ አደሩንም ግጦሽና ውሃ ሲያገናኛቸውም ሲያጋጫቸውም ኖሯል።

ነፍጥ በዚህ አካባቢ የተሰማው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋሎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1542፣ በአሸንጌ አጠገብ ወፍላ በተባለው ስፍራ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ፤ ተማርኮም ተገደለ። ኢማሙን ለዚህ ድል ያበቃቸው ከኦቶማን ቱርኮች ያገኙት ነፍጠኛና መድፍ ነበር። ስለዚህ ራያ ነፍጥን ያወቀው እንደ ሩቅ ወሬ ሳይሆን ከደጃፉ እንደ ተካሄደ ጦርነት ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ አሸንጌን አልፎ ሄደ። ወታደሮቹ የያዙት ስናይደር ከኋላው የሚጎርስ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ላይ ይህ ጠመንጃ፣ አብዛኛው ገና ከአፈሙዙ ይጎርስ ከነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ነፍጥ ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ታየ። ከዚያ በኋላ የነፍጥ ጎርፍ አልቆመም። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ግብጾችን ድል አድርገው ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። ምኒልክ በበኩላቸው በጣሊያኖችና በፈረንሳይ ነጋዴዎች በኩል ጠመንጃ ሰበሰቡ፤ ቅኔውን ትቶ በንግድ የተሰማራው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ይዞላቸው ከመጡት አንዱ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በኢትዮጵያውያን እጅ መቶ ሺህ ያህል ጠመንጃ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ዘማቹ ወደ አገሩ ሲመለስ ከነዚህ ብዙዎቹ ወደ ገጠር ገቡ።

2. ስም እንደ ማስረጃ

የነፍጥ ቃላት ራሳቸው የመጡበትን መንገድ ይናገራሉ። «ነፍጥ» ከዐረብኛው «ናፍጥ» የመጣ ነው፤ «ባሩድ»፣ «መድፍ» እና «ዝናር»ም በዚያው በቀይ ባሕር በኩል የገቡ ናቸው። «ጠብመንጃ» የቱርክ ዘር አለው። «መትረየስ» ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ የመዝገበ ቃላታችን አንድ ገጽ የግብጽን፣ የቱርክንና የፈረንሳይን ንግድ በቅደም ተከተል ያሳያል ማለት ነው። በሌላ በኩል «ሽጉጥ» ሸጎጠ ካለው ግሥ የወጣ የአገር ቃል ነው፤ መሣሪያውን የሰየመው በአያያዙ ነው። «ተኮሰ» ነፍጥ ከመምጣቱ በፊት በጋለ ብረት ማቃጠልን ይገልጽ የነበረ ግሥ ነው። ጥይት መጨመር ደግሞ «ማጉረስ» ይባላል፤ ጠመንጃው «አፍ» አለው፣ «ይጎርሳል»፣ በአንድ ጊዜ አምስት ጥይት የሚይዘውም «አምስት ጎራሽ» ነው። ተናጋሪው ባዕዱን ብረት ከገበታው ሥርዓት አስገብቶ አላመደው። በፉከራ ውስጥ ጠመንጃው እንደ ቤተ ሰብ አባል የሚሞካሸው ከዚህ የቋንቋ መሠረት ተነሥቶ ነው።

ከዚህም በላይ የነፍጥ ስም ለዘመን አወሳሰን ይረዳል። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በመሆኑም ይህን ስም የያዘ ስንኝ ከ1860 ዓ.ም. በፊት የተገጠመ ሊሆን አይችልም። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት የ«ፉዚ ግራ» ስም ነው። «ምንሽር» የኦስትሪያው ማንሊከር ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ አጋማሽ አይቀድምም። «ቤልጅግ» የቤልጅግ አገር ሥራ መሆኑን በስሙ ይመሰክራል። ክላሽንኮቭ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባውም ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተወዳጀ በኋላ፣ ከ1969 እና 1970 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃ ጥንቃቄ ያሻዋል። የነፍጥ ስም ለግጥሙ መነሻ ወሰን ይሰጣል እንጂ መድረሻ ወሰን አይሰጥም። ምንሽር ከእጅ ከጠፋ በኋላም ስሙ የጥሩ ጠመንጃ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ በዘፈን ኖሯልና። መድረሻውን ማወቅ የሚቻለው ግጥሙ ተሰብስቦ ከታተመበት ዓመት ነው፤ ለምሳሌ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተሙት የአማርኛ ሕዝባዊ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ማንኛውም ስም ከዚያ ዓመት በፊት ይታወቅ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ሁለተኛው ችግር ከዋኙ ራሱ ነው። ምንሽር፣ አልቢን፣ ቤልጅግና ጓንዴ ሁሉም ሁለት ሁለት ቀለም ስላላቸው ቤቱ ሳይሰበር አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ይችላል። ውጅግራ ግን ቀለሙ ረዘም ስለሚል መተካቱ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ስንኝ በሁለት ቀበሌ በሁለት የጠመንጃ ስም ቢገኝ «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ መከራከር ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ይልቅስ እያንዳንዱ ከዋኝ በዘመኑና በአካባቢው የነበረውን ነፍጥ እንዴት እንዳስገባ ማጥናት የተሻለ ፍሬ ያፈራል።

3. ጠጋኙ

በፉከራ ውስጥ ተኳሹ አለ፣ ጠመንጃው አለ፣ ጠላቱ አለ። ጠመንጃውን ለተኩስ ያበቃው አንጥረኛ ወይም ቀጥቃጭ ግን የለም። ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ብረት ሠሪው ጠይብ እየተባለ፣ በቡዳነት እየተጠረጠረ፣ ከርስትና ከጋብቻ ርቆ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስም በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ ሲያሠሩ አንዱ ሐሳባቸው የአገሩ ልጅ ሙያውን እንዲቀስም ነበር። በዚያ የተሠራው ሴባስቶፖል ተጎትቶ የቆመው በወሎ ምድር፣ መቅደላ ላይ ነው።

የጠጋኙን የሥራ ታሪክ ለመረዳት የነፍጡን አሠራር መለዋወጥ መከተል ያስፈልጋል። ከአፈሙዙ የሚጎርሰው ነፍጥ በዋለበት ዘመን ባሩዱም፣ እርሳሱም፣ ጥገናውም በአገር ውስጥ ይገኝ ነበር። ድኝ ከአፋር በረሃ ይወጣል፤ ከሰል ከየጫካው ይከሰላል። ብረት ሠሪው ወናፉን፣ መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ሞረዱን ይዞ ሁሉንም ማለት ይቻላል ያሟላል። ውጅግራ ሲመጣ ጥይቱ ቀልሃ ያለው ሆነ። ያም ሆኖ ቀልሃው ወፍራም፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር፣ ባሩዱም ያው ጥቁሩ ስለ ነበር የተተኮሰው ቀልሃ እንደገና መሞላት ይችል ነበር። ውጅግራ በገጠር ለረጅም ጊዜ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆን አለበት። ጥይቱም በአንዳንድ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ እስከ መዘርዘር ደርሶ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ጢስ አልባ ባሩድ ሲፈለሰፍ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጡት ለቤል በዚህ ባሩድ የሚሠራ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነው፤ ማንሊከርና ማውዘርም ተከተሉት። የእነዚህ አረር ጠባብ፣ ግፊታቸው ብርቱ ነው። በቤት የተወቀጠ ባሩድ ለእነሱ አይሆንም። ስለዚህ ጠመንጃው በተሻሻለ ቁጥር ባለቤቱ ከመንደሩ ብረት ሠሪ እየራቀ በጅቡቲና በምጽዋ በኩል በሚመጣው ጥይት ላይ ጥገኛ ሆነ። ብረት ሠሪው ዘንድ የቀረው የሰደፉ፣ የማንገቻውና የማነጣጠሪያው ሥራ ነው፤ ለተሰነጠቀ ሰደፍ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሞ ሲደርቅ እንዲጨብጥ ማድረግ፣ የጠፋውን ሰደፍ ከጠንካራ እንጨት ጠርቦ መተካት፣ የላላውን ምላጭ ማስተካከል። ከክላሽንኮቭ በኋላ ደግሞ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ስለሚሆን ይህም ሥራ ተመናመነ።

ከዚህ የምንረዳው የአገሩ ብረት ሠሪ በነፍጥ ሥራ የነበረው ድርሻ የተሸረሸረው በንቀት ብቻ ሳይሆን በቴክኒክ ለውጥም ጭምር መሆኑን ነው። ነገር ግን ንቀቱ አንድ ተጨማሪ ጉዳት አድርሷል። ሙያው ሲዳከም የሙያው ቃላት በጊዜው አልተመዘገቡም። ስለ ጀግናው ብዙ ስንኝ አለን፤ ስለ ጠጋኙ የሥራ ቋንቋ ግን ያለን ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት ዛሬ ሊሞሉ የሚችሉት በሕይወት ያሉ አረጋውያን ሠራተኞች ናቸው።

4. ባለቤቱና መንግሥት

«ነፍጠኛ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ያመለከተው ነፍጥ ያዥን ነው። በንጉሣዊው ሥርዓት የመንግሥት ነፍጥና የግል ነፍጥ የተለያዩ ነበሩ። የመንግሥቱን የያዘ ሲጠየቅ ያስቆጥራል፣ ሲታዘዝም ይመልሳል። የግሉን የያዘ ግን ለማንም መልስ አልሰጥም ባይ ነው። የራያ ታሪክ በብዙ ክፍሉ የእነዚህ የሁለቱ ግጭት ነው።

ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. ራያና አዘቦ ዐምፀው ነበር። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የገጠር ታሪክና ከዚያ በፊት ባወጡት ጽሑፍ የዘመኑን ዐመፅ ከማዕከላዊው መንግሥት መስፋፋት ጋር አያይዘው መርምረውታል። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ዘምተው ዐመፁን እንዲያበርዱ ታዘዙ፤ ዘገዩ፤ ከዐማፅያኑ ጋር ተስማምተዋል ተብለውም ተጠረጠሩ። ነገሩ ከሮ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ጥሏል። ከነሐሴው ወር በፊት በአገሩ ሰማይ ያልታየ መሣሪያ በመጀመሪያ ዓመቱ የነፍጥን ዋጋ አረከሰ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1930፣ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የጦር መሣሪያ ማስገባትን የሚመለከት ውል ተፈራረመች። የውሉ አንድ መንፈስ መሣሪያ ሕጋዊ በሆነው መንግሥት በኩል ብቻ እንዲገባ ማድረግ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ጣሊያኖች ቀደም ብለው ከራያና ከአዘቦ ሰዎች ለብዙዎቹ ገንዘብና ጠመንጃ አድለው ስለ ነበር ወደ አሸንጌ ያፈገፍግ የነበረው ሠራዊት ከሰማይ በአውሮፕላን፣ ከጎን በእነዚህ ተኳሾች ተመታ። ራስ ሙሉጌታም በየካቲት ወር ከአምባ አራዶም ሲመለሱ የወደቁት በዚሁ ዓይነት ጥቃት ነው። ይህ መራር ታሪክ ነው። መራርነቱን መሸፈን አይገባም፤ ነገር ግን «ከሃዲ» በሚል አንድ ቃል መዝጋትም ታሪክን መመርመር አይደለም። በ1922 ዓ.ም. የተቀጣ ሕዝብ በ1928 ዓ.ም. ጠመንጃ ሲቀርብለት ምን አሰበ? ይህን የሚመልስ ሥነ ቃል ካለ ሊፈለግ ይገባል።

በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የተነሣው የወያኔ ዐመፅ ራያንና አዘቦንም ነክቷል። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር እንዳጠኑት ዐመፁ የተገታው በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድጋፍ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በራያና በአዘቦ ብዙ መሬት ተወርሷል። ነፍጥ ያነሣ መሬቱን አጣ። ደርግ ደግሞ በተራው የገበሬ ማኅበራትን ጥበቃ አስታጠቀ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተንም ብዙ መሣሪያ በሕዝብ እጅ ገባ። ከ1928ቱ እስከ 1983ቱ የተለያዩ ኃይሎች በየራሳቸው ምክንያት ነፍጥ ለገበሬው ሰጥተዋል፣ ከገበሬውም ነጥቀዋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር ለማስገባት ወጥቷል። አዋጁ በወጣ በዓመቱ ጦርነት ተነሣ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ቆቦ በተደጋጋሚ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ሰላማዊ ሰዎችም ተገደሉባት። ስለዚህ የራያን የነፍጥ ግጥም የሚያነብ ሰው ስለ ቅርብ ቁስል ማንበቡን መርሳት የለበትም።

5. ደምና እርቅ፤ የሰብሳቢው ግዴታ

ነፍጥ ለባለቤቱ ክብር ነው፤ በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ይታያል፣ በእርሻ ሰብልና ከብት ይጠብቃል። ዕዳም ነው። አንድ ሰው በተገደለ ጊዜ ደሙ በወገኑ ላይ ይወድቃል፤ ደም መላሹ ጠመንጃውን ይወለውላል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሱት ሽማግሌዎች ናቸው። በራያ ዘወልድ፣ በሰፊው ወሎ አበጋር የሚባሉት የእርቅ አባቶች ሁለቱን ወገን አቀራርበው፣ ጉማ አስከፍለው፣ ቂሙ ዳግመኛ እንዳይነሣ በመሐላ ያስራሉ።

እዚህ ላይ የሥነ ቃል ሰብሳቢ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ፉከራ ገዳይን ያወድሳል፤ አንዳንዱም የተገደለውን ሰው ወይም ወገኑን በስም ይጠራል። ሽማግሌዎች በመሐላ የዘጉትን ነገር ተማሪው በቴፕ ቀርጾ፣ በጽሑፍ አባዝቶ ቢያሰራጨው እርቁን የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል። «ሳይንስ ሁሉን ይመዘግባል» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በሌላ በኩል ስሙን ቆርጦ መጣል ግጥሙን ያጎድላል፤ ቤቱም ይሰበራል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሙሉው ቅጂ በቤተ መዛግብት ተዘግቶ ሊቀመጥ፣ ለሕትመት በሚወጣው ላይ ግን ስሙ በምልክት ሊተካ ይገባል። የሰው ሕይወት ከስንኝ ምሉዕነት ይበልጣልና።

ከዚህ ጋር የተያያዙ ጥቂት የመስክ ምክሮች ማከል ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ሰብሳቢው ጠመንጃ ለማየት ሲጠይቅ በቅድሚያ ባለቤቱ ራሱ ጥይቱን እንዲያወጣ ይለምነው፤ ባዶ ነው ቢባልም አፈሙዙ ወደ ሰው እንዳይዞር ይጠንቀቅ። ሁለተኛ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ምልክትና ዓመት ባለቤቱ ከሚሰጠው ስም ጋር ያነጻጽር፤ ሁለቱ ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። ሦስተኛ፣ የክፍሎቹን ስም፣ ሰደፍ፣ ምላጭ፣ ቃታ፣ ማንገቻ እያለ፣ ከባለቤቱም ከጠጋኙም ለየብቻ ይጠይቅ። አራተኛ፣ የባለቤቱን ስም፣ የመሣሪያውን ቁጥርና የፈቃዱን ሁኔታ በማስታወሻው ላይ አይጻፍ። ለጥናት የተሰጠ ቃል በሌላ ቀን በሌላ እጅ ገብቶ በተናጋሪው ላይ ማስረጃ መሆን የለበትም።

መደምደሚያ

ከላይ ለማሳየት እንደ ተሞከረው፣ በራያ ቆላ ነፍጥ የጀግንነት ምልክት ብቻ አይደለም። ስሙ የንግድና የጦርነት መንገዶችን ይናገራል፤ ለግጥሙም የዘመን መነሻ ይሰጣል። ጥገናው የተናቀ ሙያተኛን ታሪክ ይዟል። ባለቤትነቱ ገበሬውን ከመንግሥት ጋር ሲያስተሳስርም ሲያቆራርጥም ኖሯል፤ ከጎረቤቱም ጋር በደም አገናኝቶታል። ስለዚህ «የጠመንጃ ዓይነት» የሚለው የግርጌ ፍች ከእንግዲህ ሊበቃን አይገባም። ምንሽር ብሎ የፎከረውን ሰው ቃል በትክክል ለማንበብ ምንሽሩን ማን እንደ ሸጠለት፣ ሲሰበር ማን እንደ ጠገነለት፣ ማን ሊነጥቀው እንደ መጣና በመጨረሻም ማን እንዳስታረቀው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሊነግሩን የሚችሉ አረጋውያን ቁጥራቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። ጥያቄውን ይዞ ወደ ቆቦ፣ ወደ ጎብየና ወደ ሮቢት መውረድ የተተኪው ተመራማሪ ፋንታ ነው።